የሦስት ወር ሕፃን፣ ትኩሳት የለውም፣ ጡት መሳብ ግን አቃተው

የሞላሌ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለቤቱ። ስለ እህቴ ልጅ ነው የምጠይቀው። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ እሷ መንዝ ናት፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ። ልጁ ሦስት ወር ሞልቶታል። ሲወለድም ደህና፣ ሲያድግም ደህና ነበር።

መጀመሪያ ካካ ማለት አቆመ። «ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» ተባለና ተተወ። ከዚያ ጡት ላይ ሰነፈ። ይይዛል፣ ሁለት ሦስቴ ይስብና ይለቃል። ወተቱ በከንፈሩ ጎን ይፈሳል። ዛሬ በቪዲዮ አሳየችኝ። ዓይኑ ከግማሽ በላይ አይገለጥም። እንቅልፍ የጣለው ይመስላል፣ ግን ነቅቷል። ስጠራው ይሰማል። ፊቱ ግን ምንም አይልም፤ ፍልቅልቅ የነበረ ልጅ ነው። ሲያለቅስ ድምፁ የድመት ግልገል ነው የሚመስለው። አንገቱን ማቅናት ጀምሮ ነበር፣ አሁን ቀና ሲያደርጉት ክንብል ይላል።

ትኩሳት የለውም። ተቅማጥም ትውከትም የለም። አማቷ «ዓይን ነው» ብለዋል። ጎረቤት ደግሞ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» እያለች ነው። ማታ ለድርቀቱ የአብሽ ውሃ ሊያጠጡት አስበዋል። ነገ ጠዋት ጤና ኬላ ብትወስደው ይሻላል ወይስ ትንሽ ይታይ?

ሲስተር ከታርማበር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:31

እህቴ፣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። አሁኑኑ ይነሱ። ጤና ኬላውንም ይለፉት፣ የሚኬደው ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ነው። ለወረዳው አምቡላንስ ይደወል፤ ካልተገኘ በተገኘው መኪና።

ምንነቱን በኋላ እናወራለን። እስከዚያ ይህን ንገሪያት።

አብሽም ውሃም ዘይትም ቅቤም በአፉ እንዳይገባ። ለመሳብ የደከመ ልጅ ለመዋጥም ደክሟል። የሰጡት ነገር ወደ ሳንባው ነው የሚወርደው። ጡቱም ቢሆን ትን እያለው ከሆነ አታስገድደው።

እንዳታዝለው። ብርዱን ፈርታ በአንቀልባ አስራ፣ ጋቢ ደርባበት ልትወጣ እንደምትችል አውቃለሁ። አንገቱ የማይቆም ልጅ ሲታዘል አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹ ይዘጋል። ከፊቷ ትቀፈው። ራሱንና አንገቱን በክንዷ ትደግፍ፣ ከደረቱ በላይ ትንሽ ቀና ይበል፣ አፍና አፍንጫው አይሸፈን። ሰውነቱን ግን ደህና አድርጋ ታልብሰው።

ግግ አውጪዋንም ደጃፍ እንዳታስረግጡ። ልጁ ለመዋጥ አቅም አጥቶ ሳለ ድዱ ተቆርጦ ደም አፉ ውስጥ ቢፈስ ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው።

አንድ ጥያቄ፤ ማር ቀምሷል?

የሞላሌ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:50

ደውዬ ነግሬያታለሁ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል አሉ። ባሏ መኪና ፍለጋ ሄዷል።

ማሩን ጠየቅኳት። አዎ፣ ቀምሷል። በአርባ ቀኑ፣ የክርስትናው ዕለት፣ አያቱ እየመረቁ በጣታቸው አልሰውታል። በቅርቡ ደግሞ ሲያስለው ማር በጤና አዳም ለጥቂት ቀናት ሰጥተውታል። ምን አገናኘው?

ባሻ ከአንጎለላ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:58

ማር ደግሞ ምን አደረገ! እናቴ ሰባት ወልዳ ሰባታችንንም ቅቤና ማር አልሳ ነው ያሳደገችን። ይኸው አለን። ልጁን ብርድ መትቶት ይሆናል። በሌሊት መንገድ አውጥታችሁ ባሰ ብርድ አታስመቱት።

ሲስተር ከታርማበር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:04

ባሻ፣ ማር የላሰ ሁሉ አይታመምም፣ በዚያ እስማማለሁ። አብዛኛው ምንም አይሆንም። ይህ ልጅ ግን አሁን ጡት መሳብ አቅቶታል። በማርም ይሁን በሌላ ምክንያት ሌሊቱን ቤት ማደር የለበትም። በሌላው ነገ እንከራከራለን፣ እኔ ነኝ ቡና የማፈላው።

የሞላሌ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:26

አንድ አይሱዙ ተገኝቷል። ጋቢና ውስጥ ከፊት አቅፋው ተነሥተዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር።

ሐኪም ቤት ያደገ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

የሕፃናት ሐኪም ነኝ፣ ደብረ ብርሃንም ሠርቻለሁ። ልጁን ሳላየው «ይህ ነው» አልልም። የተጻፈው ግን ከአንድ በሽታ ጋር ቁልጭ አድርጎ ይገጥማል፤ የሕፃናት ቦቱሊዝም። ብዙ ሰው ሰምቶት ስለማያውቅ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። አፈርና አቧራ ውስጥ ይኖራል። ኑሮ ሲከፋበት ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ስፖር ይባላል። እንዲያ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። ንቧ ከአበባውም ከአቧራውም ጋር ወደ ቀፎ ታስገባዋለች። ማር ውስጥ ውሃው አነስተኛ፣ ጣፋጩ ብዙ ስለሆነ ስፖሩ አይራባም፣ አይሞትምም።

ትልቅ ሰው ይህን ስፖር ሳያውቅ ይውጠዋል። አንጀታችን ውስጥ የከረሙት ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታ ስለማይሰጡት እንዲሁ ያልፋል። የሕፃን አንጀት ግን ገና በእነሱ አልሞላም። ስፖሩ እዚያ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመርታል። ስለዚህ ልጁ የተበላሸ ነገር ባይቀምስም መርዙ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይሠራል። የሚይዘው ከአንድ ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የታወቀውም ሩቅ ዘመን አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ።

መርዙ የሚያጠቃው ነርቭ ከጡንቻ የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ነርቩ ይልካል፣ ጡንቻው ይጠብቃል፣ ትእዛዙ መሐል ላይ ይቀራል። ድካሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግራና ቀኙን እኩል። የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ፊት ስሜት አያሳይም፣ መጥባትና መዋጥ ይደክማል፣ ለቅሶ ይሰልላል። ቀጥሎ አንገት። ቀጥሎ እጅና እግር። መጨረሻ ላይ የትንፋሽ ጡንቻዎች። አንጀትም ስለሚደክም ድርቀቱ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይቀድማል። ጭንቅላቱ ግን ደህና ነው። ይሰማል፣ ሲነኩት ያውቃል፣ ሲያመውም ይሰማዋል። ነርሶችና አስታማሚዎች ይህን እንዳይረሱት እለምናለሁ።

ድርቀት ብቻውን አያስደነግጣችሁ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከወር ተኩል በኋላ ሳምንት ሙሉ ካካ ሳይል ሊቆይ ይችላል፤ እየጠባ፣ እየሳቀ፣ እየተራገጠ ከሆነ ጤነኛ ነው። ድርቀት ሲደመር የመጥባት ድካም ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ሰው የሚሞኝበት ቦታ ላይ ልምጣ። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ደረቱ ይሰረጎዳል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። እዚህ ግን ለመጨነቅ የሚያስፈልገው ጡንቻ ራሱ ደክሟል። ልጁ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ተመስገን፣ ተኛ፣ ተሻለው» ይባላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም መጀመሪያ ላይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ደህና ነው ብላችሁ ማሳሉና ማልቀሱ የደከመ ልጅ ወደ ቤት አትመልሱ።

ሕክምናው ውስጥ ትልቁ ነገር ትንፋሹን መጠበቅ ነው። አልጋው ከራስጌ ከፍ ይላል፣ አንገቱ ሥር ትንሽ ጨርቅ ይደረጋል፣ ምራቁ በመምጠጫ ይጸዳል። ካስፈለገ የመተንፈሻ ማሽን ይገባለታል። ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ ነው፤ የሚሻለው ምግብ ደግሞ የታለበ የእናቱ ወተት ነው። ለዚህ በሽታ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በእንክብካቤ ብቻም ልጆች ይድናሉ። ነርቩ አዲስ ጫፍ ያበቅላል፣ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ከገቡት የሚሞቱት ከመቶ አንድ አይሞሉም።

እናት በዕንቁላል ኮሶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:02

ዶክተር፣ ልቤ ቆመ። የኔዋ አራት ወሯ ነው። እኔ አራስ ሳለሁ አጥሚቱን በማር ነበር የምጠጣው፣ አሁንም ማር እበላለሁ። በጡቴ አልፎባት ይሆን?

ሐኪም ቤት ያደገ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:09

አያልፍም። ብዪ፣ ጠጪ። ስፖሩ ወደ ጡት ወተት አይሄድም። ማር የነካ እጅሽን ታጠቢና አጥቢያት።

ጤና መኮንን (እነዋሪ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:30

ዶክተር፣ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኛ ጋ የደከመና መጥባት ያቆመ ጨቅላ ሲመጣ በመመሪያው መሠረት ከባድ ኢንፌክሽን ነው ብለን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ነው የምንጀምረው። ጄንታማይሲን ለቦቱሊዝም አይሆንም ሲባል ሰምቻለሁ።

ሐኪም ቤት ያደገ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:52

እውነት ነው። ጄንታማይሲንና ዘመዶቹ ራሳቸው የነርቭና የጡንቻን ግንኙነት ያዳክማሉ። በቦቱሊዝም ላይ ሲጨመሩ ልጁን በድንገት ትንፋሽ ሊያሳጡት ይችላሉ። አንቲባዮቲክ ደግሞ በጠቅላላው የአንጀቱን መርዝ አያጠፋም፤ ባክቴሪያው ሲፈነዳ የያዘውን መርዝ ይለቃል የሚል ስጋትም አለ።

ግን ይህን የምታነቡ ወላጆች አደራ። «ኢንተርኔት ላይ ጄንታማይሲን አይሰጥ ይላል» ብላችሁ ከነርስ ጋር እንዳትጣሉ። መጥባት ካቆሙ ጨቅላዎች ውስጥ የደም ኢንፌክሽን ያለባቸው ከቦቱሊዝም በእጅጉ ይበዛሉ፤ እነሱን የሚያድናቸው ያው መርፌ ነው። ማለት ያለባችሁ «ዶክተር፣ ማር ቀምሷል፣ ካካ ካለ ቆይቷል፣ ድካሙ ከዓይኑ ነው የጀመረው» ብቻ ነው። የቀረውን ባለሙያው ያውቃል።

ላንተ ግን ወንድሜ፦ ትኩሳት የሌለው፣ የዓይን ቆቡ የወደቀ፣ ሆዱ የደረቀ ልጅ ካየህ በባትሪ ብርሃን ዓይኑን ደጋግመህ እየው። ብሌኑ መጀመሪያ ይጠብና ቆይቶ እየሰነፈ ይሄዳል። ጥርጣሬህ ከጠነከረና ኢንፌክሽኑንም አብረህ ማከም ካለብህ፣ ለሦስት ወር ልጅ ሴፍትሪያክሰን የሚባለው አንቲባዮቲክ አለህ። ሪፈር ስትጽፍ ምክንያቱን በግልጽ አስፍር። ከአንተ በኋላ የሚቀበለው ሰው ጄንታማይሲን እንዳይጨምርበት።

የፀረ ተባይ መርዝም እንዳይረሳ። ማጀት ውስጥ የእህል መድኃኒት የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። በእሱ የተመረዘ ልጅ ላብና ምራቅ ያጥለቀልቀዋል፣ ብሌኑም የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይሆናል።

ዲያቆን ከሰላ ድንጋይ | ዓርብ፣ ጠዋት 12:40

ሌሊቱን ስላላነበብኩ ነው። ልጁ ደረሰ?

ስለ ፀበሉ ማንም ሳይጠይቅ እኔ ልናገር። ዓይን ነው ያሉትን እናት አትቆጧቸው፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። ፀበል መረጨት ይቻላል፣ ይጸለይለት፣ ማንም አይከለክልም። መዋጥ ያቃተውን ሕፃን ግን ፀበል አጠጡ የሚል ካህን የለም። ሐኪምም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚሠራው።

የሞላሌ ልጅ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:15

ደርሰዋል። መንገድ ላይ ሁለቴ ትንፋሹ ቀጥ ሊል ነበር፣ አንገቱን ስታቀናለት ተመለሰ። ኦክስጅን ተደርጎለታል። ሌሊት ያየው ሐኪም ስለ ማሩ ስትነግረው ቁጭ ብሎ እንደገና መረመረው። አሁን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሊልኩት ነው፣ ነርስ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶናል። የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፣ ለፖሊዮ ነው አሉ። ፖሊዮ ነው እንዴ?

ሲስተር ከታርማበር | ዓርብ፣ ጠዋት 2:40

ተመስገን!

ፖሊዮ ነው ማለታቸው አይደለም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በድንገት ከዛለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሪፖርት ይደረጋል። አገሪቱ ፖሊዮን የምትጠብቀው እንደዚህ ነው። ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና፣ በመሐላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ልዩነት ኖሮ፣ ይወሰድና በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ ይላካል። የኛ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ይህን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ፖሊዮ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ያስቀድማል፣ አንዱን እግር ለይቶም ይይዛል። የእናንተ ልጅ ከላይ ነው የጀመረው፣ ሁለቱንም ጎን።

ሐኪም ቤት ያደገ | ዓርብ፣ ጠዋት 3:05

ሲስተር ጨርሳዋለች። እኔ የምጨምረው፣ ቦቱሊዝምም የሚረጋገጠው ከሰገራ ነው፤ መርዙ ወይም ባክቴሪያው ይፈለጋል። ሆዱ የደረቀ ልጅ ናሙና መስጠት ስለሚያቅተው ንጹሕ፣ መድኃኒት ያልገባበት ውሃ በትንሹ በፊንጢጣ ሰጥተው የሚወጣውን ይይዛሉ። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ሕክምናው ግን በምልክቱ ይጀመራል እንጂ ወረቀት አይጠበቅም።

ከሜሪላንድ | ዓርብ፣ ቀን 8:20

እዚህ አሜሪካ የማር ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ «ከአንድ ዓመት በታች ላሉ አትስጡ» ተብሎ ተጽፏል። ለዚህ በሽታ ልዩ መድኃኒት አለ። ለምን ከዚህ አይላክም? ገንዘብ እናዋጣ።

ሐኪም ቤት ያደገ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:10

እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ቤቢቢግ ይባላል። የቦቱሊዝም ክትባት የወሰዱ ፈቃደኛ ትልልቅ ሰዎች ደም ይሰጣሉ፣ ከፕላዝማው ፀረ መርዙ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የሚያሰራጨውም የካሊፎርኒያ ጤና መሥሪያ ቤት ነው። በ122 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ የሆስፒታል ቆይታን በአማካይ ከ5.7 ሳምንት ወደ 2.6 ሳምንት አውርዶታል። አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ ያ ነው።

ዋጋው ከ45,000 ዶላር በላይ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛም አይደለም፤ ሐኪም ከሐኪም ተነጋግሮ ነው የሚለቀቀው። መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ፦ መድኃኒቱ የሚይዘው ገና በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ነው። ነርቭ ላይ የተጣበቀውን አይነቅለውም። ስለዚህ የሚጠቅመው ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሰጥ ነው። የሚያክሙት ሐኪሞች ይጠይቁ፣ ይሞክሩ፣ አልቃወምም። እኛ ግን በዚያ ተስፋ ላይ ተንጠልጥለን መተንፈሻ ማሽኑንና የነርሷን ዓይን እንዳንንቅ። ቤቢቢግ ከመኖሩ በፊትም ልጆች በእነዚህ ሁለቱ ይድኑ ነበር።

ማርን ብቻ ጠላት አድርጋችሁም አትያዙ። እዚያው አሜሪካ ከሚያዙት ብዙዎቹ ማር ቀምሰው አያውቁም፤ ከአቧራ ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አንድ የሕፃን ዱቄት ወተት በዚሁ ምክንያት ከገበያ ተሰብስቧል። አቧራን ከልጅ መከልከል ማን ይችላል? በጥር ወር አውድማ አጠገብ የሚኖር ሰው ይንገረኝ። ማርን መከልከል ግን ይቻላል። ለዚህ ነው ማር ማር የምንለው።

ሊሊ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:33

ይቅርታ ለወሬው፣ ቦቶክስ የሚሉት ፊት ላይ የሚወጉት ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሐኪም ቤት ያደገ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:36

ያው መርዝ ነው፣ እጅግ በጣም በጥቂቱ። መጨማደዱ የሚጠፋው ጡንቻው ስለሚዝል ነው።

የአንኮበር ንብ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:15

ንብ አናቢ ነኝ። ይህን ውይይት ሰው ልኮልኝ አነበብኩ። አልዋሽም፣ ተናደድኩ። የኔ ማር ንጹሕ ነው። ስኳር አልቀላቅልም፣ ከመሸጤ በፊት አሙቄ አጣራለሁ። አሁን ደግሞ ሕፃን ይገድላል ሊባል ነው? ባሻ እንዳሉት ስንት ትውልድ ነው የላሰው።

ሐኪም ቤት ያደገ | ቅዳሜ፣ ቀን 6:30

ወንድሜ፣ ማርህን ማንም አልነካብህም። እኔም ከአንኮበር ማር አስመጥቼ ነው የምበላው። ነገሩ ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። ስኳር የነካውም ያልነካውም፣ የዘመናዊ ቀፎውም የባህላዊ ቀፎውም ስፖር ሊኖርበት ይችላል። በጣዕም፣ በጠረን፣ በመልክ አይለይም።

ማሞቁም አያጠፋውም። ስፖሩን ለመግደል በግፊት 121 ዲግሪ ያስፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብታፈላው ብታንተከትከው ከዚያ አያልፍም። ማር አንተክትከህ ማን ሊገዛህ? ስለዚህ ብርዙም፣ ሻይ ውስጥ የገባውም፣ ከጤና አዳም ጋር የተቀላቀለውም ለሕፃን ያው ማር ነው። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ግን ይላስ፣ ይጥገብ።

ባሻ ከአንጎለላ | ቅዳሜ፣ ቀን 7:05

እሺ፣ የማርን ተቀበልኩ። ቅቤውስ? ያኛው እንኳ ይቅር አትበሉኝ፤ ያለ ቅቤ የሚወለድ ልጅ እንዴት ይሆናል?

ሲስተር ከታርማበር | ቅዳሜ፣ ቀን 7:30

ባሻዬ፣ ቅቤውን ጉልበትዎ ላይ ይቀቡት። ከዚህ በሽታ ጋር አላያይዘውም። ለተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚገባው ግን እንገሩ ነው፣ እስከ ስድስት ወር ደግሞ ጡት ብቻ። ቅቤ ሲውጥ ትን ብሎት የታመመ ልጅ ስንቱን አይተናል። እትብት ላይ ቅቤና ኩበት የሚያደርጉ ካሉ ደግሞ እዚያ ላይ የዚህ ባክቴሪያ የአጎት ልጅ አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ። ያኛው ልጁን ያገትረዋል፣ ይህኛው ያዝለዋል። ሁለቱም ከአፈር ናቸው።

የሞላሌ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

በመጣንበት ማግስት ማሽን ላይ ገብቷል። ሐኪሞቹ ቦቱሊዝም ብለው ነው የያዙት፣ ጄንታማይሲን የለም። እህቴ ወተቷን እያለበች በቱቦ ይሰጡታል። መጀመሪያ ተስፋ ቆርጣ ማለቡን ልትተው ነበር። አንዲት ነርስ «አሁን ከደረቀብሽ ሲሻለው ምን ልትሰጪው ነው?» አለቻትና ቀጠለች። እጁን ስትይዘው ጣቱን ትንሽ እንደሚያንቀሳቅስ ነገረችኝ። ዶክተር እንዳልከው ይሰማታል።

አማቷ መጥተው አጠገቧ ናቸው። ማንም ምንም አላላቸውም። የማሩን ነገር ለጎረቤት ሁሉ እያወሩ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሐኪም ቤት ያደገ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይብሳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ በዝግታ ይመለሳል። «ለውጥ የለውም» ብላችሁ ከሆስፒታል እንዳታወጡት። ማሽኑ ላይ ሳለ ሰው ያናግረው፣ ጎኑን እየቀየሩ ያስተኙት፣ ዓይኑ ካልተከደነ እንዳይደርቅ ጠብታ ይጠይቁ።

የሞላሌ ልጅ | ከወር በኋላ

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ሲጠይቀኝ ነበር። ከማሽኑ ወርዷል! ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ይገልጣል። አንገቱ ገና ነው። በቱቦ ይመገባል፣ ግን ጡት አጠገብ ስታደርገው አፉን ይከፍታል። ካካውም መጥቷል፣ እህቴ ለዚህ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ሲወጡ ምን እንጠንቀቅ?

ሲስተር ከታርማበር | በዚያው ቀን

እልል! እኔ ልበልላት።

የሚያጸዳው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ በተለይ ካካውን ካጸዳ በኋላ። ባክቴሪያውና መርዙ ከተሻለው በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት በሰገራው ይወጣል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ ወይም ለሌላ ይተው። ጨርቁ ለብቻ ይታጠብ። ሌላ ሕፃን ካለ ዕቃና መጫወቻ አይጋሩ። በትንፋሽም በመሳምም አይተላለፍም፣ ጎረቤት እንዳይርቃቸው።

መጥባት ሲጀምር በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፣ ቀና አድርጋ፣ እያረፈች። እንደገና ሆዱ ከደረቀና ከደከመ ይመለሱ፤ ያላለቀለት ልጅ ቶሎ ከወጣ ሊያገረሽበት ይችላል። ክትባቱን ደግሞ ካርዱን ይዛ ትጠይቅ፣ ያለፈው ይካካሳል።

የአንኮበር ንብ | በማግስቱ

ለልጁ እንኳን ደስ አላችሁ። ማሰሮዬ ላይ «ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ጀምሬያለሁ። አንድ ደንበኛ «ምን አስገባህበት?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ አስረዳለሁ፣ ይገዛሉ።

አዲስ እናት ደብረ ብርሃን | በማግስቱ

የኔ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ገንፎ ጀምሯል። አያቱ ገንፎውን በማር ካልሆነ አይበላም ብላ አስለምዳዋለች። ምንም አልሆነም። ልቀጥል?

ሲስተር ከታርማበር | በማግስቱ

ማሩን ዛሬውኑ አቁሚ። ገንፎውን በተፈጨ ሙዝ ወይም በወተትሽ አጣፍጪለት፣ ለሁለት ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ ይበላል። ለእናትሽ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው የቀረው በያት።